ሉፕ ሲገባ የሚሰማው ሕመምና ማስታገሻው

ሉፕ (በማህፀን ውስጥ የሚቀመጥ የእርግዝና መከላከያ) ለማስገባት ቀጠሮ የያዘች ሴት አብዛኛውን ጊዜ የምትሰማው ምክር «ከመምጣትሽ በፊት ማስታገሻ ዋጪ» የሚል ነው። የተለመደው ክኒን አይቡፕሮፌን ነው። ክኒኑ ግን ተፈትኖ ወድቋል፦ እ.ኤ.አ. በ2006 በታተመው፣ 2,019 ሴቶች በተሳተፉበት የቺሊ ጥናት፣ 400 ሚሊግራም አይቡፕሮፌን የወሰዱትም ሆኑ መድኃኒት የሌለበት ክኒን የተሰጣቸው ሴቶች ሉፑ ሲገባ የተሰማቸው ሕመም ተቀራራቢ ነበር።

ለምን? ባለሙያዋ በመጀመሪያ የማህፀን በርን በመቆንጠጫ ትይዛለች፤ ቀጥላ በቀጭን ዘንግ የማህፀኑን ጥልቀት ለክታ ሉፑን ታስገባለች። መቆንጠጡና መለጠጡ ነርቭን በቀጥታ ይነካል። አይቡፕሮፌን ደግሞ የሚሠራው ማህፀንን የሚያኮማትረው ፕሮስታግላንዲን እንዳይመረት በማድረግ ነው። ስለዚህ የሚጠቅመው በኋላ ለሚመጣው፣ የወር አበባን ለሚመስለው ቁርጠት ነው። የማህፀን በርን የሚያለሰልሰው ሚዞፕሮስቶልም ብዙ ተስፋ ተጥሎበት ነበር፤ ሆኖም ራሱ ቁርጠትና ተቅማጥ ስለሚያመጣ ለሁሉም ሴት እንዲሰጥ አይመከርም።

የተሻለው መንገድ የሚያመውን ቦታ ማደንዘዝ ነው። ሊዶኬይን የተባለው ማደንዘዣ በማህፀን በር ዙሪያ በመርፌ ሲሰጥ፣ በተለይ ወልደው ለማያውቁ ሴቶች ሕመሙን ይቀንሳል። መርፌው ራሱ ይጠዘጥዛል፤ የማህፀኑ ጣሪያም ስሜቱን የሚልከው በሌላ የነርቭ መስመር ስለሆነ ሙሉ በሙሉ አይደነዝዝም። በቅባትና በሚረጭ መልክ የሚቀርብ ሊዶኬይንም አለ። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2024 ሊዶኬይን ሊጠቅም እንደሚችል፣ ባለሙያዎችም ስለ ሕመሙ አስቀድመው ከእያንዳንዷ ሴት ጋር እንዲመክሩ በመመሪያው አስፍሯል። ዘግይቷል ባይ ነኝ፤ ባለሙያዎች ለሕመሙ የሚሰጡት ግምት ሴቶቹ ከሚናገሩት እንደሚያንስ ከታወቀ ቆይቷልና።

ሊዶኬይን ለአገራችን አዋላጆች እንግዳ አይደለም፤ በወሊድ ጊዜ የተቀደደ አካል ሲሰፉ የሚያደነዝዙበት እሱ ነው። በማህፀን በር ዙሪያ መስጠት ግን የራሱ ሥልጠና ይፈልጋል።

በእርግጥ ሁሉም ሴት እኩል አያማትም። በምጥ የወለደች ሴት ብዙውን ጊዜ የሚሰማት ሕመም ቀለል ያለ ነው፤ ወልዳ የማታውቅ ወይም የወር አበባዋ አጥብቆ የሚያማት ደግሞ ይበረታባታል። እንዲህ ከሆንሽ ቀጠሮ ስትይዢ «ማደንዘዣ አላችሁ?» ብለሽ ጠይቂ። ጨጓራሽን ወይም ኩላሊትሽን የሚያምሽ ከሆነ፣ ወይም ማደንዘዣ ከዚህ በፊት አለርጂ አስነስቶብሽ ከሆነ፣ መድኃኒት ከመውሰድሽ በፊት ለባለሙያዋ ንገሪያት።