አያትን ከነገሌ አምጥቶ መናፈሻ አጠገብ ቤት መከራየት

ከነገሌ ቦረና አዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የልጅ ልጆች ለትምህርት፣ አያቶች ደግሞ ለሕክምና ክትትል ይህን መንገድ ይመጡና አንድ ቤት ተከራይተው አብረው ይቀመጣሉ። ታዲያ አብዛኛው ቤተሰብ «እማማ ቤት ውስጥ እንዳይታፈኑ መናፈሻ አጠገብ እንፈልግ» ሲል እሰማለሁ። ሐሳቡ ደግ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ሜዳ ላይ ከከብት ኋላ ሲመላለስ የኖረ ሰው ፎቅ ላይ ተዘግቶ ሲውል ጉልበቱ ይከዳዋል፣ እንቅልፉም ይዛባል።

ችግሩ ቤቱ የሚመረጠው በረንዳ ላይ ቆሞ በሚታየው አረንጓዴ መሆኑ ነው። አኮ (በቦረና አያትን እንዲህ ነው የምንጠራት) ወርዳ፣ ዛፍ ሥር ተቀምጣ፣ በእግሯ ካልተመለሰች መናፈሻው ለእሷ ምን ያደርግላታል?

መጀመሪያ ደረጃውን ቁጠሩ። ቀደም ብለው የተሠሩት ባለ አራት ፎቅ ኮንዶሚኒየሞች ሊፍት የላቸውም። የላይኛው ፎቅ ኪራይ ቀነስ ስለሚል ደላላ እሱን ያስቀድማል፤ ውኃም እዚያ ለመድረስ ይቸገራል። ነገሌ ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን አዲስ አበባ ወደ 2,400 ሜትር ትጠጋለች፤ አየሩ ይሳሳል። ጤነኛ ሰው በጥቂት ቀናት ይለምደዋል። ልቡን ወይም ሳንባውን የሚያመው አረጋዊ ግን ደረጃ ላይ ትንፋሽ ያጥረዋል። ተቀምጦም ትንፋሽ ካጠረው ወይም እግሩ ካበጠ «ብርዱ ነው» ብላችሁ አትለፉት፤ ሐኪም ይየው።

ስለዚህ በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው እንጦጦ ፓርክ ውብ ቢሆንም፣ ለእሱ ብሎ ሽሮ ሜዳ ዳገት ላይ ቤት መያዝ ለወጣት እግር ነው። ተራራው ከ3,000 ሜትር በላይ ይወጣል። እኔን ብትጠይቁኝ ዝቅ ወዳለው ወደ ደቡቡ የከተማዋ ክፍል፣ ወደ ብሔረ ጽጌ መናፈሻ በኩል ፈልጉ እላለሁ። የትም ይሁን የት ከመዋዋላችሁ በፊት ከቤቱ በር እስከ መናፈሻው በር በአያት እርምጃ ሂዱ። መንገዱ ማቋረጫ አለው? መሐል ላይ ማረፊያ አለ? ሲመለሱ ዳገት ነው? ውስጥ መጸዳጃ ቤቱ ክፍት ነው? ለስኳር ሕመምተኛና ሽንት ለሚያጣድፈው አዛውንት ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉ ይበልጣል። መግቢያ የሚያስከፍል መናፈሻ ከሆነ ደግሞ በየቀኑ ቢገባ በወር ስንት እንደሚያስወጣ ከኪራዩ ጋር ደምሩት።

ወቅቱንም አትርሱ። የቦረና ሰው ዝናቡን የሚያውቀው በጸደይና በሐገያ ነው፤ ሐምሌ ለእሱ ደረቅና ቀዝቀዝ ያለ ጊዜ ነው። አዲስ አበባ ግን በሐምሌና በነሐሴ ጭቃ ናት። በጥር ያማረ የሣር መንገድ በክረምት አዛውንት የሚያንሸራትት ይሆናል፤ በዚያ ዕድሜ የዳሌ አጥንት ስብራት ቀላል ነገር አይደለም። ቤቱ በረንዳ ወይም ፀሐይ የሚገባበት ግቢ ካለው የክረምቱን ወራት ያሻግራል።

ውሉን በተመለከተ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ለተከራይ ጥሩ ጋሻ ነው። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ መመዝገብ አለበት፤ ዘመኑ ከሁለት ዓመት አያንስም፤ ቅድመ ክፍያም ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም። የስድስት ወር ክፍያ አምጡ የሚል አከራይ ካጋጠማችሁ ይህን አስታውሱት። ኪራዩን በባንክ ክፈሉ፣ ደረሰኙን አስቀምጡ። አካባቢው ለልማት ይነሣ እንደሆነ ደግሞ ወረዳውን ጠይቁ፤ ሕመምተኛ ይዞ በዓመቱ እንደገና ቤት ፍለጋ መውጣት ከባድ ነው።

አሁን ወደሚያስፈራኝ ነገር ልምጣ፤ ከሰል። ከቆላ የመጣ ሰው ይበርደዋል፤ ማታ ምድጃውን ክፍል አስገብቶ መስኮት ይዘጋል። ጭሱ ቢጠፋም ፍሙ የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ ሰው እንደተኛ ይቀራል። ለብርዱ ብርድ ልብስና ካልሲ ጨምሩ እንጂ ከሰል ያለበት ክፍል ውስጥ አትተኙ። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ መፍዘዝ ከታየ ሰውየውን ወደ ውጭ አውጥታችሁ ወደ ጤና ተቋም ሩጡ። ወተት ወይም ሎሚ መድኃኒቱ አይደለም፤ ራሱን የሳተ ሰው ሲያጠጡት ይታነቃል።

ከቆላ የመጣ ሰው ትኩሳት ከያዘው ደግሞ፣ ከመጣ ወራት ቢያልፉትም እንኳ፣ ለሐኪሙ «ከነገሌ ነው የመጣው» ብላችሁ ንገሩ። አዲስ አበባ ከፍታዋ ከወባ ስለሚከላከላት እዚህ ያለ ባለሙያ ወባን ቶሎ ላያስብ ይችላል። ቫይቫክስ የተባለው ዓይነት በጉበት ተደብቆ ቆይቶ ይነሣል። በግልባጩ ደግሞ አዲስ አበባ የተወለዱ የልጅ ልጆች ለእረፍት ወደ ነገሌ ሲወርዱ የአገሬውን ሰው ያህል የመቋቋም አቅም የላቸውም፤ አጎበር ሥር ይተኙ፣ ተመልሰው ትኩሳት ከያዛቸውም በዚያው ቀን ደማቸው ይመርመር።