ሃይሊ ጉቢ ከሐረር ምን ያህል ይርቃል?

ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. ረፋዱ ላይ በአፋር ክልል፣ ከኤርታ አሌ በስተደቡብ ምሥራቅ የሚገኘው ሃይሊ ጉቢ የተባለ እሳተ ገሞራ ፈነዳ። ሰው የማይኖርበት፣ ከአካባቢው አርብቶ አደሮችና ከጥቂት ተመራማሪዎች በቀር ስሙን ብዙ ሰው የማያውቀው ተራራ ነበር። ከዚያ በፊት ስለመፈንዳቱም የተመዘገበ ታሪክ የለም። አመዱ ግን ወደ 14 ኪሎ ሜትር ከፍታ ወጥቶ፣ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ በየመንና በኦማን በኩል እስከ ሰሜን ሕንድ ደረሰ። በሕንድ በረራዎች ተሰረዙ፤ በአፍዴራ አካባቢ ደግሞ የከብቱ ግጦሽ በአመድ ተሸፈነ።

ለመሆኑ ይህ ጉዳይ ሐረርን ምን አገባት?

መልሱ ያለው ደንገጎ ላይ ነው። ሐረር ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,900 ሜትር፣ ድሬዳዋ ወደ 1,200 ሜትር ከፍታ ላይ ይገኛሉ። በመካከላቸው ያለው ጠመዝማዛ ቁልቁለት ተራ ገደል ሳይሆን፣ የምድር ቅርፊት ተሰንጥቆ በመስመጡ የተፈጠረው የአፋር ዝቅተኛ ምድር ደቡባዊ ግድግዳ ነው። ሃይሊ ጉቢ ያለው በዚሁ ዝቅተኛ ምድር ሰሜናዊ ክፍል ነው።

በአፋር የኑቢያ፣ የሶማሊያና የዓረቢያ ፕሌቶች የሚባሉ ሦስት ግዙፍ የምድር ቅርፊት ክፍሎች ቀስ በቀስ እየተለያዩ ነው። አዲስ አበባ በኑቢያው፣ ሐረር በሶማሊያው ፕሌት ላይ ስለሚገኙ ሁለቱ ከተሞች በየዓመቱ በግማሽ ሴንቲ ሜትር ገደማ ይራራቃሉ። ክፍተቱን ከሥር የሚመጣ ቅልጥ አለት ይሞላዋል። በ1998 ዓ.ም. በዳባሁ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው መሬት በሳምንታት ውስጥ እስከ 8 ሜትር ተከፍቷል። በቀይ ባሕርም እንዲሁ በ2004 እና በ2006 ዓ.ም. በየመን ዙበይር ደሴቶች መካከል ሁለት አዳዲስ ደሴቶች ከውኃው ብቅ ብለዋል።

ሐረር ራሷ በእሳተ ገሞራ ላይ አልተቆረቆረችም። የአካባቢዋ መሠረት እጅግ ያረጀ ግራናይት፣ በላዩም የአሸዋ ድንጋይና የኖራ ድንጋይ ነው። የጋራ ሙለታ ጥቁር ድንጋይ የጥንት ፍንዳታ ውጤት ቢሆንም እሳቱ ከጠፋ ዘመናት አልፈዋል። ስለዚህ ሐረሬዎች ሊያስቡበት የሚገባው ቅልጥ አለት ሳይሆን የመሬት መንቀጥቀጥ ነው። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌ አካባቢ የተነሳው ተከታታይ መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችንም ከቀያቸው አፈናቅሏል። የጁገል ግንብና ጥንታዊ ቤቶች የተሠሩት ከድንጋይና ከጭቃ ነው። እንዲህ ያለ ግድግዳ ከላይ የሚጫነውን ክብደት ለዘመናት ይሸከማል፤ ወደ ጎን የሚገፋውን ንዝረት ግን አይችልም።

ሃይሊ ጉቢ ያለ ምልክት አልፈነዳም። በሐምሌ 2017 ዓ.ም. ኤርታ አሌ ሲፈነዳ ቅልጥ አለት በመሬት ውስጥ ሰርጎ ወደ ሃይሊ ጉቢ ሥር መድረሱን ሳተላይቶች አሳይተው ነበር። ሰው የማይኖርበት ቦታ ነው ተብሎ መለኪያ መሣሪያ የሚነፈገው ተራራ፣ ሰው ወደሚኖርበት አገር አመዱን ይልካል። ለሐረር ደግሞ የተሰነጠቀና ያበጠ የጁገል ግድግዳን አስቀድሞ ለይቶ መጠገን፣ ከቅርስ ጥበቃ ባሻገር ነዋሪውን ከአደጋ የማዳን ሥራ መሆኑን መገንዘብ ይገባል።