አቢሲኒያ የሚለውን ስም ማን መረጠው? ስለ አንድ የሐርለም ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ታሪክ

በኒው ዮርክ ከተማ፣ በሐርለም ሠፈር፣ በምዕራብ 138ኛው ጎዳና ላይ የቆመ አንድ ታላቅ የድንጋይ ሕንፃ አገራችን በውጭ ዓለም ትጠራበት የነበረውን የቀድሞ ስም ይዞ ይኖራል። የአቢሲኒያ ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ይባላል። በስደት የምንኖር ኢትዮጵያውያን ይህን ስም በሰማን ቁጥር «የእኛ ሰዎች ያቋቋሙት ነው» እያልን እንኮራለን። ኩራቱ ክፋት የለበትም፤ ዳሩ ግን የቆመበት መሠረት በቅጡ የተመረመረ አይመስለንም። በዚህ አጭር ጽሑፍ የጉባኤውን ታሪክ ባጭሩ ካወሳን በኋላ ስሙ ከየት እንደ መጣና ለእኛ ምን ትርጉም እንዳለው ለማመልከት እንሞክራለን። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጉባኤው የተመሠረተው በ1808 ነው። ከውጭ አገር ባሪያ ማስገባትን የሚከለክለው የአሜሪካ ሕግ ሥራ ላይ የዋለው በዚሁ ዓመት ነበር። ይሁን እንጂ ባርነት ራሱ አልቀረም። ኒው ዮርክም ብትሆን በ1799 ባርነትን ቀስ በቀስ የሚያስቀር ሕግ አወጣች እንጂ በሕግ ያከተመው በ1827 ነው። ነፃ የሆነውም ጥቁር በአምልኮ ቦታ እንኳ ከነጩ ጋር እኩል አይቀመጥም ነበር። በቤተ ክርስቲያኒቱ ዘንድ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣው ትውፊት እንደሚለው፣ በከተማይቱ የመጀመሪያው ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ጥቁሮች ተለይተው እንዲቀመጡ በመገደዳቸው፣ ነፃ ጥቁር አሜሪካውያንና ለንግድ የመጡ የአቢሲኒያ ሰዎች አንድ ላይ ተቃውመው ወጡ። በቦስተን የጥቁሮች ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን መጋቢ የነበሩት ቄስ ቶማስ ፖል ረድተዋቸው፣ ያን ጊዜ አንቶኒ፣ ዛሬ ዎርዝ በሚባለው ጎዳና የራሳቸውን ጉባኤ አቋቋሙ።

ተቃውመው የወጡት ሰዎች ወዲያው ቤተ ክርስቲያን ለመሆን የቻሉት በባፕቲስቶች ሥርዓት ምክንያት ነው። በዚህ ሥርዓት ጳጳስም ሆነ ሲኖዶስ በጉባኤው ላይ ሥልጣን የለውም። አምነው የተጠመቁ ሰዎች በቃል ኪዳን ተሳስረው መጋቢያቸውን ራሳቸው ይመርጣሉ፤ ሕንፃቸውንም ራሳቸው ያስተዳድራሉ። እስከ ሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ ጳጳስ ከግብፅ ሲላክላት ለኖረች አገር ልጆች ይህ እንግዳ ነገር ሊመስል ይችላል። ለጥቁር አሜሪካውያን ግን ማንም ሳይፈቅድላቸው ሊመሩት የሚችሉትን ተቋም አስገኝቶላቸዋል።

አሁን ወደ ነጋዴዎቹ እንመለስ። በ1808 ኢትዮጵያ በዘመነ መሳፍንት ውስጥ ነበረች። የምጽዋ ወደብ በኦቶማን ቱርኮች ስም በሕርጊጎው ናይብ እጅ ነበር። የሰሜኑን የሩቅ መንገድ ንግድ በአብዛኛው የያዙት እስላም ነጋዴዎች፣ በተለይም ጀበርቲዎች እንደ ነበሩ ይታወቃል። ከእነዚህ መካከል ጥቂቶች እስከ ኒው ዮርክ ተጉዘው በባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ለጸሎት ተቀመጡ ማለት ፈጽሞ የማይሆን ባይባልም፣ ጠንካራ ማስረጃ የሚያሻው ነገር ነው። ትውፊቱ የነጋዴዎቹን ስም አላቆየልንም።

ሌላው አስተያየት ስሙን ከመጽሐፍ ቅዱስ ጋር ያያይዘዋል። በመዝሙረ ዳዊት ስለ ኢትዮጵያ እጆች የተነገረው ቃል በጥቁር አሜሪካውያን ዘንድ የተስፋ ቃል ሆኖ መኖሩ የታወቀ ነው። ነገር ግን የእንግሊዝኛው መጽሐፍ ቅዱስ የሚለው «ኢትዮጵያ» እንጂ «አቢሲኒያ» አይደለም። አቢሲኒያ የዘመኑ ጂኦግራፊ ስም ነው፤ የጄምስ ብሩስ የጉዞ መጽሐፍ በ1790 ከታተመ ወዲህ በእንግሊዝኛ አንባቢዎች ዘንድ ይበልጥ ታውቋል። በዚያ ዘመን አብዛኞቹ የጥቁሮች አብያተ ክርስቲያናት «አፍሪቃዊ» በሚል ስም ሲጠሩ፣ እነዚህ ሰዎች በዓለም ላይ በእውን የነበረን አንድ ጥንታዊ የክርስቲያን መንግሥት ለይተው መረጡ ማለት ነው። በ1828 በሜን ግዛት በፖርትላንድ ከተማ የተሰባሰቡ ጥቁሮችም የጸሎት ቤታቸውን አቢሲኒያ ብለውታል። ስለዚህ ነጋዴዎቹ ኖሩም አልኖሩ፣ ስሙ ከእኛ የተሰጠ ስጦታ ሳይሆን በእነርሱ የተመረጠ መሆኑን ለመቀበል የሚያግድ ነገር አይታየንም። ባሪያ አሳዳሪው «ክርስትናን ከእኛ አገኛችሁ» ሲላቸው፣ ከእርሱ አባቶች አብዛኞቹ ገና ሳይጠመቁ ክርስቲያን የነበረ ጥቁር ሕዝብ መኖሩን በበራቸው ላይ ጽፈው መለሱለት።

ጉባኤው ከታችኛው ማንሃታን ተነሥቶ፣ የጥቁሩ ሕዝብ ሠፈር በተገፋ ቁጥር ወደ ሰሜን እየተዛወረ ሐርለም ደረሰ። በ1908 የተሾሙት ቄስ አዳም ክሌይተን ፓውል ቀዳማዊ የአሁኑን ሕንፃ በ1923 አስመረቁ። የሕንፃው ዕዳ ምእመናኑ ባዋጡት አሥራትና መባ ተከፍሎ በ1928 የዕዳው ሰነድ በይፋ ተቃጠለ። በ1930 እና በ1931 በኒው ዮርክ ይማሩ የነበሩት ጀርመናዊው የነገረ መለኮት ሊቅ ዲትሪክ ቦንሆፈር በዚያ በሰንበት ትምህርት ቤት አስተምረዋል፤ እኒህ ሰው ሂትለርን በመቃወማቸው በ1945 ተገደሉ። አባታቸውን በ1937 የተኩት ፓውል ዳግማዊ በ1944 ለአሜሪካ ምክር ቤት ተመርጠው የመብት ትግሉን እዚያው አስገቡት።

ከኢትዮጵያ ጋር ያለው ግንኙነት በእርግጠኝነት የሚታወቀው በዚህ በሐርለም ዘመን ነው። ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ በ1927 ስለ ጣና ግድብ ለመነጋገር ወደ አሜሪካ በመጡ ጊዜ ሐርለም ሄደው ባለ ሙያዎች ወደ ኢትዮጵያ እንዲመጡ ጋብዘዋል። በ1935 የኢጣልያ ወረራ ሲቃረብ ለኢትዮጵያ ድጋፍ ከተደረጉት የሐርለም ስብሰባዎች መካከል በዚህች ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ የተካሄደ ይገኝበታል። ዶክተር መላኩ በያን በ1937 የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽንን በኒው ዮርክ ሲያቋቁሙ ያገኙት ይህንኑ የተዘጋጀ መሬት ነው። የመንግሥታቱ ማኅበር ፊቱን ባዞረበት ወቅት ሳንቲም ያዋጣው፣ ለመዝመትም የተመዘገበው ራሱ በድህነት የተያዘው የሐርለም ሕዝብ ነበር። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1954 ቤተ ክርስቲያኒቱን ጎብኝተው የኢትዮጵያ መስቀል አበርክተዋል፤ መስቀሉም የጉባኤው ምልክት ሆኗል። በ2007፣ የኢትዮጵያ ሁለት ሺህ ዓመት ሲከበር፣ ምእመናኑ የራሳቸውን ሁለት መቶኛ ዓመት ምክንያት በማድረግ ከመጋቢያቸው ከካልቪን በትስ ጋር ወደ ኢትዮጵያ ተጉዘዋል።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ የምናገኘው ቁም ነገር ኩራት ብቻ አይደለም። ከ1974 ወዲህ በብዛት ወደ አሜሪካ የመጣነው ኢትዮጵያውያን ከጥቁር አሜሪካውያን ራሳችንን የመለየት፣ «እኛስ በባርነት አልተያዝንም» የማለት ልማድ በመካከላችን ይታያል። ይህን የምንልበት አገር ግን ለእኛ የተመቸው የእነርሱ ትግል በከፈተው በር ነው፤ አሜሪካ ለአፍሪቃውያን የዘጋችው የስደት ሕግ የተሻሻለው የመብት ትግሉ በጋለበት በ1965 ነበርና። ነጋዴዎቹ የእኛ ሰዎች መሆናቸውን ለማረጋገጥ የምንደክመውን ያህል፣ ስማችንን መርጠው ከሁለት መቶ ዓመታት በላይ ያስከበሩትን ሰዎች ታሪክ ለማጥናትና ለልጆቻችን ለማስተማር ብንደክም፣ ያለብንን ዕዳ መክፈል ጀመርን ለማለት ይቻላል።