አንዲት ዜሮ ስትጎድል

የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር «18.5 በመቶ ዳገት» ይወጣል የሚል ወሬ ከጽሑፍ ወደ ጽሑፍ እየተገለበጠ ይዞራል። አይወጣም፤ ሊወጣም አይችልም። የመስመሩ ከፍተኛ ዳገት 18.5 በሺህ ነው። የበሺህ ምልክት (‰) ከግርጌው ሁለት ዜሮ አለው፤ ገልባጩ አንዷን ሲያስቀራት ዳገቱ በአንድ ጊዜ አሥር እጥፍ ይሆናል።

ልወጣው ቀላል ስለሆነ ቶሎ እንለፈው። 18.5 በሺህ ማለት በ1,000 ሜትር አግድም ርቀት 18.5 ሜትር ከፍታ ነው፤ ለአሥር ሲካፈል 1.85 በመቶ። እንግሊዞች «1 በ54» ይሉታል፤ 1,000ን ለ18.5 አካፍለው ማለት ነው። በዲግሪ 1.06 ገደማ። (100 በመቶም ግድግዳ አይደለም፤ 45 ዲግሪ ነው። ይህ ስንቴ መነገር እንዳለበት እንጃ።)

መሐንዲሶች በሺህን የሚመርጡበት ምክንያት ሌላ ነው። ዳገት ላይ እያንዳንዱ ቶን፣ በእያንዳንዱ አንድ በሺህ፣ በአንድ ኪሎ ኃይል ወደ ኋላ ይሳባል። ስለዚህ ቁጥሩ ራሱ መልስ ነው፦ 18.5 ኪሎ በቶን። ሜዳም ላይ ቢሆን መንከባለል ብቻውን ወደ 2.5 ኪሎ ይወስዳል እንበል፤ ድምሩ 21።

አሁን 100 ቶን የሚመዝን ሎኮሞቲቭ እንውሰድ። የብረት ጎማ የብረት ሐዲድን አጥብቆ አይዝም። ሐዲዱ ደርቆ የክብደቱን ሩብ ያህል ቢይዝ ጉልበቱ 25 ቶን ላይ ያበቃል፤ ሞተሩ የቱንም ያህል ቢበረታ ከዚያ በኋላ ጎማው ባለበት ይሽከረከራል። 25,000 ኪሎ ለ21 ሲካፈል 1,190 ቶን ይመጣል፤ ሎኮሞቲቩ ሲቀነስ ለፉርጎዎቹ ከ1,000 ቶን በላይ ይተርፋል። ወሬው እውነት ቢሆንስ? 185 ሲደመር 2.5፣ 187.5። ውጤቱ 133 ቶን ነው፤ ከዚህ ላይ ሎኮሞቲቩ የራሱን 100 ሲወስድ 33 ቶን ይቀራል። የተጫነ አንድ ፉርጎ ብቻውን ከዚያ ሊከብድ ይችላል። ለዚህ ማን ሐዲድ ይዘረጋል?

ከወሬው እጅግ ያነሰ ዳገት እንኳ ያስቸግራል። እንግሊዝ አገር፣ ብሮምስግሮቭ አጠገብ ያለው የሊኪ ዳገት 1 በ37.7 ነው፤ 26.5 በሺህ መሆኑ ነው። ይህችው 3 ኪሎ ሜትር ያህል ስለምትዘልቅ ከባድ ጭነት የያዘ ባቡር ከኋላው ገፊ ሎኮሞቲቭ ይቀጠልለታል።

ሩብ ያልኩት ግን ያከራክራል። ዝናብ፣ ቅባትና የረገፈ ቅጠል ይቀንሱታል፤ የሚረጭ አሸዋና የዘመኑ የመንሸራተት መቆጣጠሪያ ይጨምሩታል። ኩርባም የራሱን ተቃውሞ ስለሚያመጣ እዚያ ላይ ዳገቱን ማላላት ግድ ይላል። ደግሞ ከፍታውን በአግድም ርቀት ሳይሆን በሐዲዱ ርዝመት የሚያካፍሉ አሉ፤ እውነቱን ለመናገር የኃይሉ ስሌት የሚፈልገው ይህኛውን ነው። በ18.5 በሺህ ልዩነቱ ከቁጥር አይገባም። እ.ኤ.አ. በ1889 በተከፈተው የስዊዘርላንዱ የፒላቱስ መስመር ላይ ግን ይገባል፤ 48 በመቶ የሚደርሰው ዳገቱ በሐዲዱ ርዝመት ሲሰላ ወደ 43 ይወርዳል። እሱም ቢሆን የሚወጣው ባለ ጥርስ ሐዲድ ነክሶ ነው።