ምዕራፍ አምስት፦ ከምትረሳ እናት ጋር ማምሸት

ሽማግሌ ሰው ነገር ሲደጋግምና የልጁን ስም ሲስት «ጃጀ» ብሎ ማለፍ በአገራችን የቆየ ልማድ ነው፤ ነገር ግን ጤናማ እርጅና ልቡናን ያዘገየዋል እንጂ ስለማያጠፋው፣ የመርሳት ሕመም የዕድሜ ዕዳ ሳይሆን በአንጎል ላይ የሚያድር ደዌ መሆኑን አስቀድሞ መረዳት ይገባል። ከመንሥኤዎቹ ሁሉ የበዛው የአልዛይመር ደዌ ስሙን ያገኘው አሎይስ አልዛይመር ከተባለው ጀርመናዊ ሐኪም ሲሆን፣ እርሱም በፈረንጅ አቆጣጠር በ1901 ዓ.ም. በፍራንክፈርት አውጉስተ ዴተር የተባሉትን የ51 ዓመት ሴት መርምሮ፣ በ1906 ዓ.ም. ባረፉ ጊዜ አንጎላቸውን በማይክሮስኮፕ ቢመለከት፣ በሕዋሳቱ መካከል የተከማቸ ጉድፍ፣ በውስጣቸውም የተወሳሰበ ክር የመሰለ ነገር አገኘ።

ይህ ደዌ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው አዲስ ነገር ከሚመዘገብበት፣ ሐኪሞች ሂፖካምፐስ ከሚሉት የአንጎል ክፍል ነው፤ ስለዚህ የዛሬ ጠዋቱን ቡና መጠጣታቸውን የረሱ እናት፣ የተዳሩበትን ቀን ከነአጃቢው ሊተርኩ ይችላሉ።

አሁን አንድ ቤት እንግባ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ በብዙ ሕሙማን ላይ ጭንቀት በሚበረታበት በሠርክ ሰዓት፣ አንዲት እናት ነጠላቸውን ተከናንበው ደጃፉ ላይ ይቆማሉ። «ልሂድ እንጂ፤ እናቴ ትጠብቀኛለች» ይላሉ። አስታማሚያቸው ወጣት ሴት፣ በመጀመሪያው ወር፣ «እማማ፣ እናትዎ እኮ ከሞቱ ቆዩ፤ ቤትዎም ይኸው ነው» ትላቸው ነበር፤ እሳቸውም መርዶውን ገና እንደ ሰማ ሰው ደረታቸውን እየደቁ ያለቅሳሉ፤ በማግሥቱ ነገሩን ረስተው እንደገና ሲጠይቁ እንደገና ይረዳሉ። ልጅቱ እውነት የተናገረች መስሏት በየማታው አንዲት እናት ትቀብርባቸው ነበር።

ኋላ ግን መንገዱን አገኘችው። «እናትዎ ምን ዓይነት ሰው ነበሩ፣ እማማ?» ትላቸዋለች፤ ሐሰት አልተናገረችም፣ መርዶም አላረዳችም። ወሬው ሲጀመር ከደጃፉ ይመለሳሉ፤ እርሷም አመልማሎና እንዝርት ታቀርብላቸዋለች። እጅ በልምድ የያዘው ጥበብ፣ የትናንት ወሬ ከሚቀመጥበት በሌላ የአንጎል ክፍል ስለሚያድር፣ ጣቶቻቸው እንዝርቷን ባገኙ ጊዜ ሳይጠራጠሩ ያሾሯታል። እርሷ ስትሞክር ክሩ ይበጠሳል። «ቀስ በዪ ልጄ፣ አትጎትቺው» ይሏታል፤ በዚያች ሰዓት አስተማሪዋ እሳቸው፣ ተማሪዋ አስታማሚዋ ናቸው፤ ባልንጀርነትም የሚባለው፣ ተረጂው ደግሞ የሚሰጠው ሲያገኝ ነው።

አንባቢ ሆይ፣ በቤትህ እንዲህ ያለ ሰው ቢኖር፣ መርሳቱ በድንገት የመጣ ወይም በጥቂት ቀን የከፋ ከሆነ ወደ ሐኪም አድርሰው፤ ኢንፌክሽን፣ የመድኃኒት ብዛት፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረትም አእምሮን ያውካሉና፣ እነዚህም ሊታከሙ ይችላሉ። አስታማሚውንም ተካው፤ ሌሊቱን ሳይተኛ ያደረ ሰው ትዕግሥቱ ንጋት ላይ ያልቃል።

እማማ ማታ የፈተሉትን ጠዋት አያስታውሱም፤ ነገሩ ከተረሳ በኋላ ግን ያሳደረው ደስታ ወይም ሐዘን ጥቂት ይቆያል። ልጅቱን አንዳንድ ቀን በስሟ፣ ብዙውን ቀን በሟች እኅታቸው ስም ይጠሯታል፤ እርሷም ለሁለቱም «አቤት» ትላለች።