«ብቻ» የምትለዋ ቃል

የምኖረው ኢንተርፕራይዝ ነው። አገር ቤት ደውዬ እንዲህ ስል «የምን ድርጅት ነው?» ይሉኛል። አይፈረድባቸውም። በእኛ አገር ኢንተርፕራይዝ ሲባል እህል የሚገዛ ወይም መንገድ የሚሠራ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው የሚታሰበው። ይህኛው ግን ከላስ ቬጋስ መብራቶች በስተደቡብ በረሃው ላይ የተዘረጋ፣ በ2020 እ.ኤ.አ. ቆጠራ ከ220 ሺህ በላይ ሰው የተገኘበት፣ ከንቲባ የሌለውና በክላርክ ካውንቲ የሚተዳደር ከተማ መሳይ ሰፈር ነው። ያው ካውንቲ በ2023 እ.ኤ.አ. ከእኛ በስተሰሜን ያለ አካባቢን «ትንሿ ኢትዮጵያ» ብሎ ሰየመልን። ሎስ አንጀለሶች በ2002 ካገኙት በኋላ የእኛም ተራ ደረሰ ማለት ነው። ደስ አለኝ። ግን እንደ ድሮው ቢሆን እዘል ነበር፤ አልዘለልኩም። ለምን እንዳልዘለልኩ ነው የማወጋችሁ።

ታክሲ ነጂ ነኝ። ከአውሮፕላን ማረፊያው እስከ ሆቴሎቹ ያለው መንገድ አጭር ስለሆነ ለእሱ የሚመጠን ስብከት ነበረኝ። ተሳፋሪው «ከየት ነህ?» ብሎ ከጠየቀ አለቀለት። በአፍሪካ ያልተገዛች ብቸኛ አገር! 13 ወር ያላት ብቸኛ አገር! የራሷ ፊደል ያላት፣ ሉሲ የተገኘችባት፣ አበበ ቢቂላ በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ ያሸነፈላት! ቀይ መብራት ከያዘን ቡናንም እጨምርበታለሁ።

መቼም የ1977 ዓ.ም.ን ረሃብ ዓለም ሁሉ በቴሌቪዥን ካየ በኋላ አሜሪካ የገባ ሰው ይረዳኛል። የአገራችንን ስም ስንጠራ የሚከተለው ጥያቄ ስለ አጥንታቸው የወጣ ሕፃናት ነበር። ቀልድም ተቀልዶብናል። እና ያ ስብከት ጋሻዬ ነበር። የተናቀ ሰው «እኩል ነኝ» ማለት አይበቃውም፤ «እንደኔ ያለ የለም» ካላለ አይረካም። እኔም አልረካሁም ነበር።

ጋሻውን መጀመሪያ የበሳው አንድ የግብፅ ክርስቲያን ነው። 13ኛዋን ወር ሳነሳበት ሳቅ አለና፣ የእነሱም ቤተ ክርስቲያን ባለ 30 ቀን 12 ወሮችና እንደ ጳጉሜን ያለች ትንሽ ወር እንዳላት፣ አዲስ ዓመታቸውም ከእንቁጣጣሽ ጋር በአንድ ቀን እንደሚውል ነገረኝ። እውነቱን ነው። የቀረውን መንገድ ስለ ሙቀቱ አወራን።

ሁለተኛዋ ልጄ ናት። ስለ ወላጆቿ አገር ጻፊ ተብላ ስትመጣ «ያልተገዛች ብቸኛ አገር ብለሽ ጀምሪ» አልኳት። ኮምፒዩተሯን ነካካችና «አባዬ፣ ላይቤሪያስ?» አለችኝ። ከአሜሪካ የሄዱ ሰዎች ያቋቋሟት ናት ብዬ ተከራከርኩ። «የጣልያን አምስት ዓመትስ?» አለች። እዚህ ላይ አልተበገርኩም፤ ወረራ ነው እንጂ ቅኝ ግዛት አይደለም፣ አርበኞቻችን አንድ ቀን አላስተኟቸውም፤ ዛሬም የማምነው ይህንኑ ነው። ቀጥላ ሄይቲን አመጣችብኝ። ባሪያ የተባሉ ሰዎች የናፖሊዮንን ጦር አሸንፈው በ1804 መንግሥት አቆሙ፤ አድዋ ሊደርስ 92 ዓመት ሲቀረው ማለት ነው። አብሬያት ሳነብ ቤኒቶ ሲልቫን የሚባል ሄይቲያዊ በ1897 ምኒልክን ፍለጋ ኢትዮጵያ ድረስ መምጣቱን አየሁ። ባሕር አቋርጦ የመጣው እኛ ብቸኞች ስለሆንን አልነበረም። እሱ ብቻውን ላለመሆን ነው የመጣው። ሉሲንማ ተዉት፤ ቻድ ውስጥ በ2001 የተገኘው ቱማይ ዕድሜው ከእጥፍ በላይ ነው።

ልጄ «ብቻ» የምትለዋን ቃል ሰረዘቻት። እኔ ቅር አለኝ፤ አስተማሪዋ ግን ሙሉ ነጥብ ሰጠቻት።

ለነገሩ አሜሪካኖቹም ከእኛ አልተሻሉም። የዛሬ 20 ዓመት ገደማ የዓለም ታላቋ አገር እዚህ እንደሆነች የማይነግረኝ ተሳፋሪ አልነበረም። አሁን ስለ አገራቸው ሳነሳ መስኮቱን ያያሉ። ጋሉፕ በ2025 ሲጠይቅ በአገራቸው እጅግ ወይም በጣም የሚኮሩት ከመቶ 58 ሆነው ተገኙ፤ ጥያቄው በ2001 ከተጀመረ ወዲህ ዝቅተኛው ነው።

እኔን ግን የሰበረኝ ላይቤሪያም ሄይቲም አይደለም።

የካቲት 23 ቀን 2014 ዓ.ም. የአድዋ 126ኛ ዓመት ነበር። ደረቱ ላይ በትልቁ «አድዋ» የሚል ቲሸርት ለብሼ የታክሲ ወረፋ ደረስኩ፤ ለባልንጀራዬም ቡና ይዤለታለሁ። ለ15 ዓመት አንድ ወረፋ ላይ የቆምን፣ ልጁን ክርስትና ያነሳሁለት ሰው ነው። ቲሸርቱን አየና፣

«እናቴ የት እንዳለች ታውቃለህ?» አለኝ።

«አገር ቤት ናቸው እንጂ» አልኩ።

«አድዋ ናት። ስምንት ወር ሙሉ ድምጿን አልሰማሁም። ደረትህ ላይ የለጠፍካት ከተማ ስልክ የላትም።»

ዝም ማለት ሲገባኝ አፌ ስብከቱን ለመደ። ኢትዮጵያ እንደ ሌላው አገር አይደለችም፣ ስንቱን አልፋለች፣ አትጠፋም አልኩት።

«አገሪቱስ አትጠፋ ይሆናል» አለ። «እናቴስ?»

ቡናውን የመኪናው ክዳን ላይ አስቀምጦልኝ ሄደ። በዚያው ተለያየን። ወሎና ጎንደር ዘመዶቻቸው የተፈናቀሉባቸው ጓደኞቼም በበኩላቸው ቁስላቸውን ይዘው ነበርና ያ ወረፋ በጎሳ ተከፋፍሎ ቡና የሚጠጣበት ሆነ። ጥቅምት 2015 ዓ.ም. ፕሪቶሪያ ላይ ስምምነት ሲፈረም እንኳ አልደወልኩለትም። ምን ብዬ?

ነሐሴ 2015 ዓ.ም. ተራው የእኔ ሆነ። አማራ ክልል ውጊያ ተነሳ፣ ኢንተርኔት ተቋረጠ፣ ጎጃም ያለችው እህቴ ጠፋችብኝ። ትንሿ ኢትዮጵያ የተሰየመችልን በዚያው ዓመት ነው። አንድ ማታ ስልኬ ጮኸ።

«እህትህን አገኘሃት?» አለ ድምፁ። ዓመት ከመንፈቅ ያልሰማሁት ድምፅ።

«ገና ነኝ» አልኩት። ከዚያ ጉሮሮዬ ውስጥ የተሰነቀረውን ጥያቄ አወጣሁት። «እናትህስ?»

«አለች። ከስታለች፣ ግን አለች።» ትንሽ ዝም አለ። «ያ ቲሸርት አለ?»

«ሻንጣ ውስጥ ነው። አለብሰውም።»

«እንግዲያው ለእኔ ስጠኝ። የከተማዬ ስም አይደለም እንዴ?»

በማግሥቱ ወረፋው ላይ ከቡና ጋር ይዤለት ሄድኩ። ትንሽ ሰፋው።