ማዕከል የገባ ልጅ ዘመድ አያጣ

“ልጅሽስ እንዴት ነው?” ስትባል “ደህና ነው፣ ትምህርት ላይ ነው” ብላ ወሬ የምትቀይር እናት በየለቅሶ ቤቱና በየማኅበሩ አለች። ልጇ ግን የአካል ጉዳተኞች መኖሪያ ማዕከል ውስጥ ነው። ሁለት ሥራ ትሠራለች፤ ልጁ ደግሞ ቀንና ሌሊት የሚጠብቀው ሰው ይፈልጋል። ማስገባቷ ጥፋት አይደለም። የሚጎዳው ከዚያ በኋላ የሚመጣው ነው፤ ሐሜት ፈርቶ መደበቅ፣ “እነሱ ያውቁበታል” ብሎ መራቅ።

እነሱ ሁሉን አያውቁም። ጆሮውን ሲይዝ አሞት እንደሆነ፣ በቁልምጫ ስሙ ካልጠሩት ዞሮ እንደማያይ የምታውቀው እናት ናት። መናገር ለማይችል ልጅ ምስክሩ ቤተሰቡ ነው።

ኒውዮርክ፣ ስታተን አይላንድ የነበረው ዊሎውብሩክ ለ4,000 ሰው ተሠርቶ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከ6,000 በላይ ታጭቆበት ነበር። በ1972 ጋዜጠኛው ጄራልዶ ሪቬራ ካሜራ ይዞ ገብቶ ጉዱን አሳየ። በዚያው ዓመት ወላጆች ፍርድ ቤት ሄዱ፤ በ1975 ተቋሙን የሚያስገድድ ስምምነት ጸደቀ፤ በ1987 ተዘጋ። ወላጅ ዝም ቢል ኖሮ ክሱ ከየት ይመጣ ነበር?

ዛሬ አሜሪካ ውስጥ መብቱ አለ። በሜዲኬይድ የሚደገፉ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ሰዎች የሚኖሩባቸው ተቋማት፣ ቤተሰብ ቀድሞ ሳያስታውቅ በተገቢ ሰዓት እንዲጠይቅ ማበረታታት በፌዴራል ደንብ ተጥሎባቸዋል። ስለዚህ አንዳንዴ ሳትደውሉ ሂዱ። ትምህርት ቤት በዓመት ቢያንስ አንዴ የልጁን የልዩ ፍላጎት ትምህርት ዕቅድ ይገመግማል፤ ወላጅ እንግሊዝኛ የማይገባው ከሆነ አስተርጓሚ ማቅረብ የትምህርት ቤቱ ግዴታ ነው። “አፍራለሁ” ብሎ መቅረት የለም።

ልጁ 18 ዓመት ሲሞላው ግን ወላጅነት ብቻውን አይበቃም። ስለ ሕክምናውና ስለ ኑሮው ለመወሰን የፍርድ ቤት ሞግዚትነት ወይም ሌላ ሕጋዊ መንገድ ሊያስፈልግ ስለሚችል፣ ቀደም ብሎ ጠበቃ መጠየቅ ይበጃል።

ኢትዮጵያም በ2010 (እ.ኤ.አ.) ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት አንቀጽ 23፣ እነዚህ ልጆች እንዳይደበቁና እንዳይጣሉ ለቤተሰብ ድጋፍ ይደረግ ይላል።

እኛም ድርሻ አለን። ያቺን እናት “ምን ሆኖ ነው?” እያልን ከምናስጨንቃት “እሁድ አብሬሽ ልሂድ፣ መኪናው የኔ” እንበላት። ለአውዳመት ድፎ ዳቦ ይዘን በሩን እናንኳኳ። ልጁ ዘመድ እንዳለው ሠራተኞቹም ይወቁት።